የሀጂ ኮሮላ፣ ፋሻ ጨርሷል የተባለው ሞተር እና የተደፈነው ፒሲቪ

ሀጂ ኮሮላቸውን ጋራዤ በር ላይ አቁመው ሲጠብቁኝ ገና 1 ሰዓት ተኩል አልሞላም ነበር። የደሴን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ነው የሚገባው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። ሰላምታው አለቀ (የወሎ ሰላምታ ካለቀ ማለት ነው፣ ቤተሰቡ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠይቆ)፣ ከዛ "ልጄ ሞተሩ ይውረድ ብለውኛል፣ እስቲ አንተም በአይንህ እየው፣ መውረዱ ካልቀረ ያው ይወርዳል" አሉኝ።

መኪናዋ 1.6 ኮሮላ ናት፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ የተሰራች፣ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ዲስትሪቢውተሩ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጎን ላይ የተቀመጠው ነው። ይሄን ሞተር ሰርቶ የማያውቅ መካኒክ ያለ አይመስለኝም። ሀጂ ገዝተዋት ከመጡ ጀምሮ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ መስጂድ፣ ከመስጂድ ቤት ነው ስራዋ፣ ቀን 3 ኪሎሜትር ብትሄድ ነው። አንዳንዴ ኮምቦልቻ ልጃቸው ጋ ይወርዳሉ። በዛ ላይ የቤንዚን ሰልፍ አለ፣ ሞተር አስነስተህ አስር ሜትር ትጠጋለህ፣ ታጠፋለህ፣ ደሞ ታስነሳለህ። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ ምንድነው አልኳቸው። አንደኛ ዘይት ታፈሳለች፣ ከሞተርና ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) መሃል ይንጠባጠባል፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ዙሪያውን ራሱ ሁሌ እርጥብ ነው። ሁለተኛ በሁለት ወር 1 ሊትር ዘይት ትፈልጋለች። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ ስትሰራ) ትንቀጠቀጣለች። እና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፣ ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስ ጡሩምባ እየነፋባቸው አፍረው ሊሞቱ። ከአራት ወር በፊት አንድ ጋራዥ ካምቢዮ አውርዶ የኋላውን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ) ቀይሮላቸዋል። አዲስ ፓራኦሊዮ! ሶስት ሳምንት ሳይሞላው መልሶ አፈሰሰ። ሲመልሱላቸው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ሲጨምቅ የሚሰጠውን ግፊት) ለክተው "ፋሻ ጨርሷል ሞተሩ ይውረድ" አሉ። ፋሻ ማለት ያው ፒስቶኑ ላይ ያለው ቀለበት ነው፣ ከደከመ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች ወደ ዘይቱ ይሾልካል። የለኩትን ቁጥር በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጽፈው ሰጥተዋቸዋል፣ 138፣ 140፣ 136፣ 139 ፒኤስአይ። ከስር "ትንሹ 142" ብለው አስምረውበታል።

ከቁጥሩ በፊት ግን ሌላ ነገር ነው ያቆመኝ። አዲስ ፓራኦሊዮ በሶስት ሳምንት ለምን ያፈሳል? ወይ አገጣጠሙ ተበላሽቷል፣ ወይ ኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ራሱ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተበልቷል፣ ወይ ደሞ ከውስጥ የሚገፋው አለ። ፓራኦሊዮ ዘይት እንዳይረጭ ይይዛል እንጂ ግፊት የሚችል ነገር አይደለም፣ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ቋት) ውስጥ ግፊት ካለ ዘይቱ በደከመው በኩል መውጫ ይፈልጋል። አንዱን ብትደፍነው በሌላው ይመጣል። የመለኪያው ዘንግ ዙሪያ መርጠቡ ደሞ ወደዚሁ ነው የሚያመለክተው፣ እዛ ጋ ዘይት የሚያደርሰው ከግፊት ሌላ ምን አለ?

የዘይት ክዳኑን ከፈትኩት። ከስሩ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፏል፣ ወፍራም፣ ቡኒና ነጭ። ሀጂ አይተው "አልሐምዱሊላህ በቃ ቴስታታው ነው" አሉ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚያውቀው፣ ዘይት ነጭ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሎ ውሃ ገብቷል። አብሽሩ ሀጂ አልኳቸው። መለኪያውን ስናወጣው ላዩ ላይ ያለው ዘይት ጥቁር ነው እንጂ ነጭ አይደለም፣ የራዲያተሩ ውሃ ከተሞላ ወዲህ አልጎደለም፣ ሞተሩ እየሰራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የለም። ስለዚ ውሃው ከራዲያተር አይደለም የመጣው።

ታዲያ ከየት መጣ? ይሄን ብዙ ሹፌር አያውቀውም፣ 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ይሄዳል፣ ጠዋት ጠዋት ማርሚታ ጫፍ ላይ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ግን ፋሻ አዲስም ቢሆን መቶ በመቶ አይዘጋም፣ ትንሽ ጋዝ ሁሌም ወደ ኮፓው ይሾልካል፣ ከነእንፋሎቱ ከነቤንዚኑ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ እንፋሎቱ ከዘይቱ ተንኖ ይወጣል። የሀጂ መኪና ደሞ አትሞቅም፣ በደሴ ብርድ 1 ኪሎሜትር ተኩል ሄዳ ትቆማለች፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ያርፋል፣ ከዘይት ጋ ይላቆጣል፣ ጭቃ ይሆናል። ያ ጭቃ ነው ክዳኑ ስር ያየነው፣ ክዳኑ ስር ካለ ደሞ ሌላም ቦታ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ሞተሩ የሚተነፍስበት መንገድ ላይ መጣን። ድሮ መኪኖች ከኮፓው ወደ መሬት የተዘረጋ ቱቦ ነበራቸው፣ ጋዙ ዝም ብሎ መንገድ ላይ ይበተናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ካሊፎርኒያ በአየር ብክለት ምክንያት ይሄን ከለከለችና ጋዙ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ገብቶ እንዲቃጠል ተደረገ። የዚህ በር ጠባቂው ነው ፒሲቪ የምንለው። ከቴስታታው በላይ ባለው ክዳን ላይ ተሰክቷል፣ ከሱ የወጣው ቱቦ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ላይ ይገባል። ውስጡ ስፕሪንግና አንድ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ብረት አለ። ሚኒሞ ላይ የማኒፎልዱ መሳብ ሃይለኛ ስለሆነ ብረቱን ጎትቶ መንገዱን ያጠበዋል፣ ነዳጅ ስትሰጠው መሳቡ ሲቀንስ ስፕሪንጉ ይመልሰውና መንገዱ ይሰፋል፣ ሞተሩ ወደኋላ ቢተኩስ ደሞ እሳት ወደ ኮፓ እንዳይገባ ጥርቅም አርጎ ይዘጋል። ሌላኛው ቱቦ፣ የትንፋሽ ቱቦው፣ ከክዳኑ ወደ አየር ፊልትሮው ሳይድ ይሄዳል፣ በሱ ንጹህ አየር ይገባል። በአንዱ ይገባል በአንዱ ይወጣል፣ በቃ።

ሞተሩን አስነስቼ ሚኒሞ ላይ ተውኩት፣ የትንፋሽ ቱቦውን በፒንሳ ቆንጠጥ አርጌ (እንዳይቆረጥ ጨርቅ አግብቼ) የዘይት ክዳኑን ከፍቼ ወረቀት አስቀመጥኩበት። ደህና ሞተር ቢሆን ቆየት ብሎ ወረቀቱን ይስበዋል። የሀጂ ሞተር ወረቀቱን አነሳና ጣለው። እሺ፣ ግፊት አለ።

እዚህ ጋ ተሳሳትኩ። ፒሲቪውን ነቀልኩት፣ ጆሮዬ ጋ አርጌ ስነቀንቀው ኳኳኳ ይላል። ሁላችንም የተማርነው እንደዛ ነው አይደል፣ ከተንኳኳ ይሰራል ካልተንኳኳ ጣለው። ተንኳኳ፣ መልሼ ሰካሁት፣ "ፒሲቪው ደህና ነው፣ እንግዲህ ፋሻው ነው መሰለኝ" ብዬ ለሀጂ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ፊታቸው ሲወድቅ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ማታ ግን ያ የሲጋራ ካርቶን አላስተኛ አለኝ። 138፣ 140፣ 136፣ 139። በጣም እኮ ይቀራረባሉ። ፋሻ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ አራቱም ሲሊንደር እኩል አያልቅም፣ አንዱ ቀድሞ ይወድቃል። የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ ቁጥር አየሁት፣ ለዚህ ሞተር 191 ፒኤስአይ ነው ደንበኛው፣ ትንሹ 142፣ በሲሊንደሮች መሃል ያለው ልዩነት ደሞ ከ14 መብለጥ የለበትም። ግን ያ ቁጥር የተጻፈው ለባህር ጠለል ነው እኮ! ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው ሶስት አራተኛው ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው የገባለትን አየር ነው፣ የገባለት ሶስት አራተኛ ከሆነ የሚያሳየውም በዛው ልክ ነው። አስልቼ ሳየው አዲስ 4ኤ-ኤፍኢ ራሱ ደሴ ላይ ቢለካ 143 አካባቢ ነው የሚሰጠው። ማለት መጽሐፉ "ትንሹ" ያለው ቁጥር ለኛ "አዲስ" ነው። ከስንት መኪና ሞተር እንዳወረድን ሳስበው... ተዉት።

ጠዋት ራሴ ለካሁት፣ ሞተሩን አሙቄ፣ ካንዴላዎቹን ሁሉንም ነቅዬ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ አስረግጬ። የነሱን ቁጥር ነው ያገኘሁት፣ ሀቁን ለመናገር ልጆቹ በትክክል ነው የለኩት። 136 ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አርጌ ደግሜ ለካሁት፣ 141። ፋሻው ጨርሶ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚሞላው ብዙ ነበር የሚዘለው። አምስት ምንም አይደለም። ግን ሀጂን "አየሩ ስስ ስለሆነ ነው" ብላቸው ማን ያምነኛል፣ ስለዚ "አርብ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ አይደል፣ አብረን እንውረድ" አልኳቸው።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ከደሴ 25 ኪሎሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ሐረጎን ወርደህ ስትጨርስ ጃኬትህን ታወልቃለህ። በማርሽ ነው የወረድኩት፣ እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ። ሜዳው ላይ ደርሰን መጀመሪያ ነዳጅ ስሰጠው በመስታወት አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ሲወጣ አየሁ፣ ከዛ ጠፋ። ይሄን ያዙልኝ። እዛ ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ጋ ገባን፣ ያንኑ መለኪያዬን አወጣሁ፣ 147፣ 149፣ 145፣ 148። ያው ሞተር፣ ያው መለኪያ፣ ያው ቀን፣ ከተማው ነው የተቀየረው። ሀጂ ቁጥሩን ራሳቸው አንብበው "ሱብሃነላህ፣ ቁልቁለት ፋሻ ይሰራል እንዴ" ብለው ሳቁ።

ፋሻው ደህና ከሆነ ግፊቱ ከየት መጣ ታዲያ? ጓደኛዬ (ወሬ አያበዛም፣ እጁ ነው የሚናገረው) ሞተሩን አስነስቶ ከፒሲቪው ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደውን ቱቦ በሁለት ጣቱ ጭምቅ አረገው። ምንም። ደህና ሞተር ላይ ስትጨምቀው ፒሲቪው ቀጭ ሲል ትሰማለህ፣ ሚኒሞውም ወረድ ይላል። ይሄ ምንም ለውጥ የለውም። ቱቦውን ከፒሲቪው ላይ ነቀለና አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ አረገ፣ ወደኔ ዞሮ "አይስብም" አለ። ልብ በሉ፣ ፒሲቪው ራሱ መሃል ላይ የለም፣ ቱቦው በቀጥታ ከማኒፎልዱ ጋ ነው ያለው፣ አንጀት መሳብ ነበረበት። እኔ ፒሲቪውን እየነቀነቅኩ ኳኳታ ስሰማ ዋልኩ፣ የተዘጋው ለካ ከሱ በኋላ ነው። ቱቦውን ከማኒፎልዱ በኩል ስንነቅለው ቱቦው የሚሰካበት ቀጭን የብረት አፍ እስከ ጥጉ በካርቦን ተሞልቷል፣ ከሰል ነው የሚመስለው፣ ካቻቢቴ አያስገባም። በር ጠባቂው ነቅቶ ቆሟል፣ መንገዱ ግን ግድግዳ ነው።

እሱን ማጽዳት ትዕግስት ይፈልጋል። በሽቦ ገፍተህ ብታስገባው ካርቦኑ ማኒፎልድ ውስጥ ወድቆ ባልቮላ (የሲሊንደሩ መግቢያና መውጫ በር) ስር ሊገባ ይችላል። ሞተሩን አጥፍተን የድሪል ጥርስ ብቻውን ግራሶ ቀብተን በእጅ እያዞርን ነው የቆፈርነው፣ የተፈለፈለው ግራሶው ላይ ይጣበቃል፣ አውጥተህ ትጠርገዋለህ፣ እንደገና ትቀባለህ። አንድ ሰዓት ፈጀብን፣ ሀጂ ልጃቸው ጋ ቡና ጠጥተው ተመለሱ። ስናስነሳው ቱቦው ጣት ሳበ። ወረቀቱንም ደገምነው፣ የዘይት አፉ ላይ ልጥፍ አለ።

ስንመለስ ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ ከመንገዱ ይልቅ መስታወት ነው የማየው። ጭስ የለም። ለምን እንደሆነ ላብራራ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ በፋሻው የሚሾልከው ጋዝ ይበዛል፣ የፒሲቪው መንገድ ዝግ ስለነበር ያ ሁሉ ጋዝ የዘይት ጭጋግ ተሸክሞ በትንፋሽ ቱቦው በኩል ወደኋላ ይመለስና ወደ አየር መግቢያው ይገባል፣ ሞተሩ ዘይቱን ከአየር ጋ ስቦ ያቃጥለዋል። የአየር ፊልትሮ ቤቱን ስከፍተው እውነትም ዘይት ጠጥቷል፣ ፊልትሮውን ጣልኩት። ቁልቁለት ጨርሰህ ነዳጅ ስትሰጥ አንዴ ቡፍ የሚለው ጭስ ግን ሌላ በሽታ ነው። ቁልቁለት በማርሽ ስትወርድ መሳቡ ከፍተኛ ስለሚሆን ዘይት በደከመ የባልቮላ ጎማ በኩል ወደ ሲሊንደር ይሳባል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገህ "ታጨሳለች" ካልክ መጨረሻህ ፋሻ ነው።

አንዳንዱ ደሞ አቋራጭ አለው፣ የትንፋሽ ቱቦውን ቆርጦ ወደ መሬት ያንጠለጥለዋል፣ "ይተንፍስ" ብሎ። ለሀጂም ጎረቤታቸው ይሄንኑ መክሯቸው ነበር። ፒሲቪው የሚሰራ ከሆነ በዛ ቱቦ ነው አየር የሚገባው፣ ያለ ፊልትሮ አቧራ እየሳበ ኮሎው ጋ ያደርሳል። በኛ አቧራ እኮ!

ደሴ ተመልሼ ፒሲቪውን ደሞ በደንብ መረመርኩት። በካርቦራቶር ማጠቢያ ሳጥበው ጥቁር ውሃ ወጣው፣ ንጹህ ጎማ ቱቦ ሰክቼ በሁለቱም በኩል ነፋሁበት (በአፋችሁ በቀጥታ አትንፉ፣ በተለይ አትሳቡ፣ ውስጡ ያለው መርዝ ነው)። ከሞተሩ በኩል ሲነፋ ማለፍ አለበት፣ አለፈ። ከማኒፎልዱ በኩል በጣም ትንሽ ብቻ ነው ማለፍ ያለበት፣ እሱም እንደልቡ አለፈ። ስፕሪንጉ ደክሟል። ይንኳኳል ግን አይዘጋም። ስለዚ ኳኳታው ሁለት ጊዜ ዋሸኝ ማለት ነው።

አዲስ ልገዛ ከተማ ወጣሁ፣ መልኩ አንድ አይነት የሆነ አገኘሁ፣ ሻጩ "ለሁሉም ቶዮታ ይሆናል" አለኝ፣ ቸኩዬ ነበርና ገዛሁት። ልሰካው አሮጌውን ስነቅል ደሞ ክዳኑ ላይ የተሰካበት ጎማ እንደ ብስኩት ተሰባበረ፣ ደርቆ ኖሯል፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ወደቀ። ክዳኑን ማውረድ ግድ ሆነ። ጥሩ ሆነ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ከስሩ ዘይት እንዳይረጭ የተሰራችው ጠባብ ክፍል ሙሉ በዛ ማኪያቶ ተሞልታለች፣ ባላወርደው አዲሱን ፒሲቪ በወሩ ይደፍነው ነበር። በቤንዚን አሳድሬ አጠብኩት፣ የጎማውን ስብርባሪ ለቀምኩ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ። ስናስነሳ ሚኒሞው 800 መሆን ሲገባው 1,200 ላይ ቁጭ አለ። "ለሁሉም ይሆናል" የተባለው ፒሲቪ አየር አብዝቶ ያሳልፋል። እያንዳንዱ ሞተር በልኩ ነው የተሰራለት፣ መልኩና ውፍረቱ ስለገጠመ ገጠመ ማለት አይደለም። ትክክለኛውን ከአዲሳባ ሶማሌ ተራ አስፈልጌ በአውቶብስ አስመጣሁ፣ ሁለት ቀን ፈጀ፣ 800 ላይ ተቀመጠ።

ዘይትና ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ሞተሩን ከስር በቤንዚን አጥቤ አደረቅሁት፣ ፓራኦሊዮውን አልነካሁትም። ሀጂ "እሱንስ?" አሉ፣ ሶስት ሳምንት ይዩት አልኳቸው። በሶስተኛው ሳምንት ከስር ገብቼ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ደረቅ። የዛ ጋራዥ ልጆች ፓራኦሊዮውን በስርዓቱ ነው የገጠሙት፣ ከውስጥ የሚገፋ ነገር እያለ ግን ምን ያርግ። ዲስትሪቢውተሩ ጋ ትንሽ ላብ አለ፣ እሱ የራሱ ቀለበት ጎማ ነው፣ የዚህ ሞተር የድሮ አመሉ ነው።

ሁለት ወር ሞላ አሁን። 1 ሊትር ይጠጣ የነበረው ወደ ሩብ ሊትር ወርዷል። ማኪያቶው ግን ክዳኑ ስር በስሱ መልሶ ጀማምሮ ስላየሁ "ሀጂ አንቱ መኪናዋን በሳምንት አንዴ ኮምቦልቻ ይውሰዷት፣ በደንብ ትሙቅ" ብያቸዋለሁ፣ ልጃቸው ደስ ብሏታል። ሐረጎ ግርጌ ያለው ቡፍታ አልጠፋም፣ የባልቮላ ጎማዎቹ መቀየር አለባቸው። ስነግራቸው "ሽቅብ ካላጨሰች ቁልቁል ማን ያየኛል" አሉኝ፣ ከረመዳን በኋላ ተባብለን ተለያየን።